የኪራይ ወረቀት

ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱ ጥግ፣ ጣሊያን በሠራው ግንብ ሥር፣
አዛናው ጋዜጣ በሰዓት ያከራይ ነበር።
ወረቀቱ መሬት ተነጥፎ፣ በየጫፉ ላይ ጠጠር፣
ነፋሱ ገልጦ እንዳያነብ፣ በነጻ፣ ያለ ብር።
ቆሞ ላነበበ ሃምሳ ሳንቲም፣ ለተቀመጠ ሰባ አምስት፣
ገጽ የቀደደ ይገዛታል፤ ዱቤ የሚሉት የለበት።
ዓይኑ ከሰዓቱ አይነቀል። ደቂቃዋ ስትደርስ፣
"ጌታው፣ ሰዓትህ አልቋል!" ይላል፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳይጨረስ።

እኔ ያኔ ውኃ ቢሮ አዲስ ቅጥር ነበርሁ፣
ቱታዬ ግራሶ ያልጠጣ፣ ሁሉን ለማወቅ የጓጓሁ።
ቅዳሜ ጧት በርጩማ ይዤ ያገኘሁትን አነባለሁ፦
የዓለም ዋንጫ፣ የሰሊጥ ዋጋ፣ የጠፋ ማኅተም ማስታወቂያ፣
የማላውቃት ተዋናይ ፍቺ፣ የማልገዛው መኪና መሸጫ፣
ጨረታ፣ እንቆቅልሽ፣ የኮከብ ቆጣሪ ሐሜት፣
እስከ ቀትር ስድስት ሰባቱን። ተነሥቼ ስሄድ ወደ ቤት
ራሴ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ጫጫታ እንጂ እህል የለበት።

በዚያ ሰሞን አንገረብ ላይ አንዱ ፓምፕ ማንኳኳት ጀመረ፣
በሌሊት፣ ከቧንቧው ውስጥ፣ እንግዳ በር የሚመታ ይመስል ነበረ።
ሦስት ቀን ፈታሁ፣ ገጠምሁ፤ ቀበሌ አሥራ ስድስት ተጠማ፣
ጀሪካን ተሰልፎ አደረ፤ ስሜ በየሰልፉ ተሰማ።
ይህን ሁሉ አንብቤ ሳበቃ፣ የሚያንኳኳውን ማን ነገረኝ?
ለአዛናው ባወራው ጊዜ፣ ለአፍታ ሰዓቱን ትቶ አየኝ፦
"ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይላሉ፤ አንተም ሁሉ አማረህ።
የወረቀቱን ስም ተወው፤ የጸሐፊውን ስም ያዝ፣ ልምከርህ።"
ከካርቶኑ ሥር ጎርጉሮ አንድ የደበዘዘ ቅጠል አወጣ፣
ዘጠነኛ ገጽ፣ ግርጌው ላይ፣ በየአሥራ አምስት ቀን የሚወጣ፣
ፊርማው "መ.ወ." ብቻ፤ ስለ ቫልቭ፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ቧንቧ ጣጣ።
"እኔ አይገባኝም" አለ፣ "ግን ይህ ሰው አይዋሽም፤
ያላየውን 'አላየሁም' ይላል። ሌላው እንዲህ አይልም።"

ቆሜ አነበብሁ። ደገምሁ። ሦስት ጊዜ ሃምሳ ከፈልሁ፣
ሰኞ ሌሊት፣ በባትሪ፣ የታመቀውን አየር ለቀቅሁ።
ማንኳኳቱ ቆመ። ቧንቧው
እንደ ሰው ተነፈሰ።

ሁለተኛዋን ማንም አልመረጠልኝ። ለውዝ ገዝቼ፣ በመንገድ፣
ጥቅሉን ብፈታው ጽሑፍ ነው፦ ስለ ሽመላ መምጣትና መሄድ።
መምህርት እማዋይሽ፣ ከጎርጎራ። የእግሩን ቅላት ታውቃለች፤
"ዛሬ ሃያ ሰባት ቆጠርሁ፤ ትናንት ሠላሳ ነበሩ" ትላለች።
ሌላ የለም። ምክር የለም።
ለሥራዬ አንዲት ብሎን አታጠብቅልኝም።
ቢሆንም ቀጣዩን ዕትም ፍለጋ አዛናውን ስንት ቀን አስጨነቅሁት!
ሦስቱ የት እንደ ገቡ
እስካሁን አልጻፈችም።

መተውንም ቀስ ብዬ ተማርሁ። አንዱን፣ የሬዲዮ ጠጋኙን፣
ራሱን ማመስገን ሲያበዛ፣ ሳልጣላው ራቅሁት፣
ጠላው ሲቀጥን እንደሚተውት ቤት።

አሁን አዛናው የለም። ደጃፉ የሞባይል ካርድ ይሸጥበታል።
የዓለም ወረቀት በሙሉ መዳፌ ላይ ይበራል፣
ጠጠር ያልተጫነው፣ ነፋስ የሚገልጠው፣ ያለ ብር፣ ያለ ልክ፤
አውራ ጣቴ ይነዳኛል፣ አንዱ መልክ ሲተካ በሌላ መልክ።
ያን ጊዜ ነው ከፖስታ ቤቱ ጥግ አንድ ድምፅ የሚሰማኝ፣
ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል፣ እጁን ዘርግቶ የሚለኝ፦
"ጌታው፣ ሰዓትህ አልቋል።"

እሺ እላለሁ።
ለሁለት ሰው የሚበቃ ይቀረኛል።